ለአባዬ ፎቶ የገዛሁት ድሪል

ከሰው የሰማሁት አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ ቢሆንማ እንዴት ደስ ባለኝ...

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

አባዬ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነበር። እማዬ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም። የዚያን ቀን ግን ትልቁን ፎቶውን ከቁም ሣጥን አውጥታ አቀፈችው... በጣቷም የሳሎኑን ግድግዳ አሳየችኝ።

ቤታችን ውስጥ ሚስማር የሚመታው አባዬ ነበር። እኔ ድሪል በእጄ ነክቼ አላውቅም። እንደምንም ብዬ ወደ ግንባታ ዕቃ መሸጫው ሄድኩ።

"ምን ልትሠሪበት ነው እህቴ?" አለኝ ሻጩ።

"ለቤት ነው። አንድ ሁለት ቀዳዳ ለመብሳት።"

አንዷን ትንሽዬ ባለ ባትሪ አነሳሁ። ቀላል ናት። ለእጄም ተመቸችኝ።

ሻጩ በትከሻዬ በኩል አሻግሮ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

"እሷን ተያት። ለእንጨት ነው የምትሆነው። የናንተ ግድግዳ ኮንክሪት ነው። እየመታ የሚበሳውን፣ ባለ ገመዱን ውሰጂ። ስድስት ቁጥር ፑንታ፣ መብሻ ጫፉን፣ ትገጥሚበታለሽ።"

"ኮንክሪት መሆኑን በምን አወቅህ?"

"አባትሽ ነገሩኝ እኮ።"

...

"የቱ አባቴ?"

"እዚያ በሩ ጋ የቆሙት..." ቀና ብሎ አየ። ድምፁ ወረደ። "አሁን እዚህ ነበሩ። ፎቶው ከባድ ነው፣ እንዳይወድቅባት አሉኝ።"

ስለ ፎቶ ትንፍሽ አላልኩም ነበር።

በሩ ጋ ማንም የለም።

ሮጬ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ሻጩ ውሰጂ ያለኝን ድሪል ገዛሁ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ሄድኩ። ወደ ኋላዬ አልዞርኩም... ፈርቼ ይሁን፣ ባላየውስ ብዬ ይሁን፣ እንጃ።

ቤት ስደርስ እማዬ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ፑንታውን ግድግዳው ላይ ደግኜ ቁልፉን ተጫንኩት። ድሪሉ ተንገጫገጨ። ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ።

"ደግፍላት እንጂ!"

እማዬ ናት። በሦስት ሳምንት የመጀመሪያ ቃሏ።

"ደግፊው" አይደለም ያለችው። "ደግፍላት"...

ወዲያው ድሪሉ ቀለለኝ። ክርኔን ከሥር የያዘ ነገር ነበር። ሞቅ ያለ።

"አባዬ..." አልኩ በሹክሹክታ።



ቀዳዳው አለቀ። ድሪሉን አጠፋሁት። ክርኔ ቀዘቀዘ።

ብሎን የሚይዘውን ፕላስቲክ ፊሸር ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ፎቶውን ሰቀልኩ። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ቀጥ ብሎ መሰቀሉንም በደንብ አላየሁም።

"እማዬ... ተስተካከለ?"



ዞርኩ። እንቅልፍ ወስዷታል። ፊቷ ላይ ያ ሁሉ ሐዘን የለም። አንድ እጇ ከወንበሩ ወጣ ብሎ፣ የሆነ ነገር እንደያዘ ተጨብጧል።

ወለሉ ከግድግዳው በረገፈው ነጭ አቧራ ተሸፍኗል። አቧራው ላይ የባዶ እግር ዱካ አለ። ትልልቅ፣ የወንድ።

ከኔ አጠገብ ተነስቶ እማዬ ወንበር ድረስ ይሄዳል።

የሚመለስ ዱካ ግን የለም...