ከበሩ ጀርባ «ደህና ነኝ» ያለው ድምፅ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎረቤቶቼ ስለ ጥላና ስለ ኮቴ ሲያወሩ «መስኮታችሁን በደንብ ዝጉ» እያልኩ የማበሽቅ ነበርኩ፣ ዛሬም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አልቀበለውም፣ ግን የሆነው እዚሁ ሰሚት፣ እኔው ቤት ነው፣ ምን ላድርግ።

ልጄ ሕሊና አስም አለባት። ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ብዙውን ቀን መኝታ ቤቷን ዘግታ ነው የምትውለው፣ እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፣ ስታስልም ዝም ስትልም እፈራለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ በሩን እያንኳኳሁ «ደህና ነሽ?» እላታለሁ፣ እሷም «ደህና ነኝ፣ እማ» ትላለች፣ ትሰለቻለች እንጂ ሳትመልስልኝ ቀርታ አታውቅም።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ ምን እንደምትጽፍ ጠየቅኳት። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ እንዲገባኝ አድርጋ ነገረችኝ።

«ሰርቨር የሚባሉ ኮምፒውተሮች አሉ፣ እሺ? እየዞረ ‹ደህና ናችሁ?› የሚላቸው ፕሮግራም አለ። እያንዳንዱ በየትኛው አድራሻ እንደሚጠየቅ፣ ደህና ሲሆን ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ ሲታመም ምን እንደሚል፣ እሱን ነው የምጽፈው። ፕሮግራሙ ቁርጥ አንቺን ነው።»

«ካልመለሱስ?»

«ካልመለሱማ ቀላል ነው፣ ሰው ይጠራል። የሚያስቸግረው ውስጡ ሞቶ በሩ ላይ ‹ደህና ነኝ› የሚለው ነው። እሱን ሌላ ነገር ጠይቁት ብዬ እየጻፍኩ ነው።»

«እንደኛ ነዋ» አልኳት፣ ትኩሳት እያቃጠለንም ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አይደል የምንለው፣ ሳቀች።

አመሻሽ ላይ ዝናብ ጣለ፣ መብራትም ጠፋ። አንኳኳሁ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

ወደ ኩሽና ተመልሼ ሻማ አበራሁ፣ እጄ ግን ሥራ አልይዝ አለኝ፣ የሆነ ነገር ጎድሏል፣ ምን እንደሆነ የገባኝ ሽንኩርት መላጥ ከጀመርኩ በኋላ ነው፣ «እማ» አላለችም። ሻማዬን ይዤ ተመለስኩ።

«ሕሊና፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

ድምፁ የእሷ ነው፣ እመኑኝ፣ የልጄ ድምፅ አይጠፋኝም፣ ግን ልክ እንደ ቅድሙ ነበር፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ እንደተቀዳ ነገር። ያኔ ምሳ ላይ ያለችኝ ትዝ አለኝ።

«ለራት ሽሮ ነው ፓስታ?» አልኩ።

«ደህና ነኝ።»

በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ደረቷን ይዛለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትንፋሿ ይፏጫል እንጂ ቃል የሚወጣት አልነበረም። ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት አልጋው ሥር ተንከባሎ ነበር፣ በሆዴ ተኝቼ አወጣሁት፣ ራሴ ያዝኩላት። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ባትሪ የሚባል ነገር አይዝም፣ ስልኳም ሳሎን ነበር።

ትንፋሿ መለስ ሲል ልጠይቃት ፈራሁ፣ እሷ ቀደመችኝ።

«ሰምቼዋለሁ፣ እማ። ስትጠሪኝ ልመልስ እሞክራለሁ፣ እሱ ይቀድመኛል። ከኋላዬ ነበር።»

ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ነው።

በማግስቱ «አየር ሲያጥር ጭንቅላት የሌለ ነገር ይሰማል» አለችኝ። «እኔስ? እኔን ምን አጠረኝ?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ማንኳኳት ትቻለሁ፣ ከፍቼ ነው የምገባው፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብትለኝም ፊቷን ሳላይ አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት ግን ቦሌ ወዳለው ቢሮዋ ሄዳ ነበር፣ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ልብስ ስዘፈዝፍ በሩ ተንኳኳ።

«ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ» አልኩ፣ አፌ ቀደመኝ።

ልጄ ቤት እንደሌለች ትዝ ያለኝ፣ «እማ» አለመባሌንም ያስተዋልኩት፣ መልሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።