የገመድ አልባው ገመድ

የኔትወርክ ባለሙያው መሐሙድ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ሞቷል፤ የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ አቶ ፈንታሁንን ያሳሰበው ግን የከሰዓቱ ስብሰባ ነበር። ጉድ እኮ ነው!

«ጥበቃው ሱሌማን ነው የጣለው» አለ ለኢንስፔክተር ብርሀንነሽ፣ ከክፍሉ በር ውጭ ቆሞ የኮቱን እጅጌ እያራገፈ። «መሰላሉን ያዝ የተባለው እሱ ነው። ዛሬውኑ ወደ ደሴ ውሰዱልን። እኔ ሬሳ ማየት አልወድም፤ የክፍሉን ደፍም አልረገጥኩም።»

ሽማግሌው ሱሌማን በካቴና ታስረው ደጅ ቁጭ ብለዋል። «ወላሂ ልጄ፣ ዙሁር ልሰግድ ወጥቼ ነው። ከአላህ በቀር ማን ያየኛል?»

«አብሽሩ አባባ» አለቻቸውና ወደ ክፍሉ ገባች።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አዲሱ የገመድ አልባ ራውተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከነባሩ ኔትወርክ ተስቦ የመጣው ገመድ ግን አልተሰካም፤ ጫፉን ሟቹ ጨብጦታል። ከመሰላሉ ግርጌ ግድግዳው ሲበሳ የረገፈ ኖራ አለ።

«ዕቃ የነካ ሰው አለ?»

«ማንም አልነካም» አለች ጸሐፊዋ ሙሉሐረግ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ።

ብርሀንነሽ ወደ ኃላፊው ዞረች። «ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። በላፕቶፔ ዜና እያየሁ።»

«በገመዱ?»

ሳቀባት። «የምን ገመድ? ዘምነናል እኮ! በአዲሱ በገመድ አልባው ነው እንጂ። እንዴት ይፈጥናል መሰለሽ! ጩኸቱን እስክሰማ ከኢንተርኔቱ አልወጣሁም።»

ኤዲያ! ገና ስታየው ንቃው ነበር፤ አሁን አዘነችለት ማለት ይቻላል። ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ሙሉሐረግ፣ ቅድም የነገርሽኝን ድገሚላቸው፤ ጠዋት ግምገማው ላይ መሐሙድ ምን አለ?»

«አቶ ፈንታሁን ‹ገመድ አልባ ገዝተን ገመድ ምን ያስጎትትሃል?› አሉት። እሱም ‹ገመድ አልባውም ገመድ ይፈልጋል፤ ኢንተርኔቱን የሚያገኘው ከነባሩ ኔትወርክ ነው፤ ካልተሰካ መብራት ብቻ ነው› አላቸው። ሁላችንም በእሳቸው ሳቅን።»

«ገመዱ አሁንም መዳፉ ውስጥ ነው» አለች ብርሀንነሽ። «ሳይሰካው ነው የሞተው። ታዲያ አቶ ፈንታሁን፣ የትኛውን ዜና አዩ?»

«እ… በድሮው ገመድ ነው ለካ…»

«‹የምን ገመድ› ብለው ስቀውብኝ? ከአፍ የወጣ አፋፍ! የእጅጌዎ ኖራስ? የረገፈው ከመሰላሉ ሥር ብቻ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ደፉንም አልረገጡም።»

ፈንታሁን እጅጌውን ከኋላው ደበቀ፤ እንደ ሕፃን።

«በሠራተኛ ፊት አሳቀብኝ!» ብሎ ጮኸ። «ላስደነግጠው ብዬ ነቅነቅ ነው ያደረግኩት! ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ?»

ብርሀንነሽ ካቴናውን ከሱሌማን እጅ ፈትታ እሱ እጅ ላይ አጠለቀችው። «እርስዎ» ማለቱንም ተወችው።

«ጠዋት ያስተማረህን ብትሰማው ኖሮ፣ ቢያንስ ውሸትህ ያምርልህ ነበር።»

ሱሌማን የተፈታ እጃቸውን እንኳ ሳያሻሹ ወደ ክፍሉ ገቡ። ጋቢያቸውን አውልቀው መሐሙድን ሸፈኑት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።