የሦስተኛ ፎቅ እንግዶች

«አንቺ፣ ይሄ እኮ ምስጋና አይደለም» አለች የጎረቤት ልጅ ኒሞ፣ ስልኳን ግድግዳው ላይ እንደደገነች።

እፀገነት ዘላ ካሜራውን በመዳፏ ሸፈነችው። ዘግይታለች። ኒሞ የስልኩን መተርጎሚያ ከፍታ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለውን የጣሊያንኛ ወረቀት ከራስጌው እስከ ማኅተሙ ጨርሳዋለች።

ይህን ወረቀት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። እማማ የኔነሽ፣ የእፀገነት አያት፣ ባለፈው ክረምት ልጃቸውን ዝናሽን፣ የእፀገነትን አክስት፣ ሊጠይቁ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ፌራራ የምትባል፣ በግንብ የታጠረች አሮጌ የጣሊያን ከተማ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው በላስቲክ አስለበጡት። እቤታቸው የገባ ሁሉ፣ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሳይቀር፣ አረፍ ሳይል ይነገረዋል። «ጎረቤቶቹ የጻፉልኝ የምስጋና ደብዳቤ ነው። ማኅተሙን እየው።»

ኒሞ በሹክሹክታ አነበበች። «በጋራ ግቢው ውስጥ ውሃ መድፋት፣ ምንጣፍ ማንጠፍና ተቀምጦ መብላት ክልክል ነው። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስድስት ሰዓት ጸጥታ ይከበር። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰዓት ነው?»

«ከሰባት እስከ አሥር ማለት ነው።»

«ግቢው የገበያ ቦታ አይደለም። የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ እንግዶቿን ሥርዓት ታስተምር።» ኒሞ ስልኩን አወረደች። «ሥርዓት? ለእማማ? ወላሂ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም። ማን ነው ምስጋና ነው ያላት?»

እፀገነት የምንጣፉን ጠርዝ በእግሯ ጣት ትቆረቁራለች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አቦ፣ አንቺ ልጅ።»

ከውጭ ፕላስተር ሲቀደድ ይሰማል። እማማ የኔነሽ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የማር ዕቃ ይጠቀልላሉ። ዝናሽ ለቁልቢ ገብርኤል መጥታ ሁለት ሳምንት ቆይታ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ትበራለች። ማሩ ደግሞ ለዚያ ወረቀቱን ለጻፈው ሰውዬ ነው። ዕቃውን ሦስቴ በላስቲክ ጠቅልለውት አሁንም አላመኑትም። አውሮፕላን ላይ ቢፈስስ? የልጃቸውን ልብስ ቢያበላሽስ? ፈትተው እንደገና ጀመሩት።

ፌራራ። ሰው ጣሊያን ሄድኩ ሲል ምን ምን እንደሚያወራ ይታወቃል። እነ እፀገነት ውሃ የከበበውን ቤተ መንግሥት ያዩት አንድ እሑድ ነው፤ ያውም ከውጭ። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩ ከባድ ነበርና አያቷ ይወድቁብናል ተብሎ ተመለሱ። የቀረውን አርባ ቀን ያሳለፉት ከግንቡ ውጭ፣ ዝናሽ በምትኖርበት የመኖሪያ ሰፈር ነው። ሰፈር ከተባለ።

ሕንፃው አምስት ፎቅ፣ ቀለሙ ያደረ ሽሮ። መስኮቶቹ ሁሉ አረንጓዴ መዝጊያ አላቸው፤ መዝጊያዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል። መንገዱ ለማን እንደተጠረገ አይታወቅም፤ ሰው አይሄድበት። ዳቦ ቤቱ «እስከ ነሐሴ መጨረሻ ዝግ ነን» ብሎ ለጥፏል፤ ፋርማሲው ብቻ አረንጓዴ መስቀሉን እያበራ እያጠፋ ይጠብቃል። ደረጃ ላይ የተገናኙት ሰው ሰላም ላለማለት ቁልፉን ቦርሳው ውስጥ መፈለግ ይጀምራል። ማታ ማታ ውሾች ይወጣሉ። ውሾቹ ይሸታተታሉ፣ ጅራታቸውን ይቆላሉ፤ ባለቤቶቹ ስልካቸውን ያያሉ።

«ሰዉ የት ሄዶ ነው?» ብለው ነበር እማማ የኔነሽ በመጀመሪያው ቀን።

«ቤታቸው ናቸው፣ እማዬ» አለች ዝናሽ።

«ቤታቸው ሆነው ነው እንዲህ ዝም ያሉት? ልቅሶ አለ እንዴ?»

ዝናሽ ጧት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። የሌላ ሰው እናት ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፤ የገዛ እናቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተዘግተው ይውላሉ። ያ ሰፈር እንዲህ ነው የተሠራው።

ሙቀቱ የድሬን ያህል ነበር። ድሬ ግን ለሙቀት መላ አላት። ቀትር ሲሆን ግቢው ላይ ውሃ ይርከፈከፋል፣ አቧራው ይተኛል፣ ከዛፍ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ያለው ሰው ሁሉ ይመጣል። ጠሪ የሚጠብቅ የለም። በአሥረኛው ቀን እማማ የኔነሽ ትዕግሥታቸው አለቀ። ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወረዱ። ያ ያበደ ሊፍት መሐል ላይ ቢቆምባቸውስ? ደረጃው ቢያንሸራትታቸውስ? ደግነቱ አልወደቁም። የጋራ ግቢውን አርከፈከፉ፣ የአልጋ ምንጣፉን ዘረጉ፣ ሐብሐብ ቆረጡና አንገታቸውን ወደ መስኮቶቹ ቀና አድርገው በእጃቸው ጠሩ። ኑ።

ማንም አልመጣም። ከመዝጊያዎቹ ክፍተት ግን ዓይኖች ነበሩ።

የመጣው የሕንፃው አስተዳዳሪ ነው፤ አንደኛ ፎቅ የሚኖረው፣ ትንሽ ነጭ ውሻ ያለው። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ለውሻው እንደሚያወራ ቃል በቃል እየለየ፣ ጣቱን ወደ ውሃው፣ ወደ ምንጣፉ፣ ወደ ሐብሐቡ ጠቆመ። ውሻው ምንጣፉ ላይ ቆሟል። እማማ የኔነሽ ፈገግ ብለው አንድ ቁራጭ ዘረጉለት። አልተቀበላቸውም፤ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

እፀገነት ይህን ሁሉ የምታየው ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመዝጊያው ኋላ ነው። ሰውዬው ቀና ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ፦ የማን ናት ይቺ ሴትዮ? የእፀገነት እንግሊዝኛ አያንስም፤ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

በማግሥቱ ወረቀቱ ዋናው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። አያቷ ማኅተሙን አይተው «ምን ይላል?» አሉ። እፀገነትም ስልኳን ደግና ካነበበች በኋላ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ግቢያችንን ስላቀዘቀዛችሁልን እናመሰግናለን ይላል» አለች። አፏ እንዴት እንዳለው ራሷም አታውቅም። እማማ የኔነሽ ወረቀቱን ላጥ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ዝናሽም ማታ ስትገባ እውነቱን አንብባ ለእናቷ ሳትነግር ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቷ ያንን የተዘጋ ሰፈር በሄዱበት ሁሉ ያመሰግናሉ። «ዓይናፋር ናቸው እንጂ ደጎች ናቸው» ይላሉ። እፀገነት ይህን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

ዝናሽ የሻንጣዋን ዚፕ እየጎተተች ከጓዳ ወጣች። ኒሞ ስልኳን ከኋላዋ ደበቀች።

«እቴቴ፣ ማሩን ልትሰጪው ነው?» አለች እፀገነት።

«ለማን? ለዚያ? አብጃለሁ እንዴ።» ዝናሽ ሳቀች። «ለመሥሪያ ቤቴ ሴትዮ እሰጠዋለሁ። እማዬ እንደሆነች፣ እሷ ምን ታውቃለች? ተቀበለ፣ ደስ አለው ብዬ እደውልላታለሁ። ፎቶ ከፈለገች ከሌላ ሰው ጋር አነሳዋለሁ።»

«ውሸት ነዋ።»

«ጀማሪዋ ማን ሆነና ነው? ተይ ባክሽ፣ ደስ ብሏት ትኑርበት።» ሻንጣዋን ገፋ አድርጋ ባጃጁን ልትጠራ ወጣች።

እሷ ምን ታውቃለች። እፀገነት ቃሉን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው። ውሻ ይዞ ከቆመው ሰውዬ ቃል በምን ይለያል?

ወንበር ላይ ወጥታ ወረቀቱን ከምስማሩ አወረደች።

«ዛሬ ባይሆን?» አለች ኒሞ። «እስክትሄድ ጠብቂያ።»

«ማሩ አብሯት ይሄዳላ።»

አያቷ ከኒሙ ሥር ፕላስተሩን በጥርሳቸው እየቆረጡ ነበር። ወረቀቱን ሲያዩ ደነገጡ። «ምነው? ወደቀ? ላስቲኩ ተሰነጠቀ?»

«እማማ፣ ያኔ ልክ አልነገርኩሽም። አሁን ላንብብልሽ።»

ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። ገበያውንም፣ ሥርዓቱንም አልዘለለችም። ፕላስተሩ አውራ ጣታቸው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

«ለቄሱም ነግሬያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ለአብዲራሺድ ባለ ሱቁ፣ ለእነ ሃዎ። ቆጣሪ ለሚያነበው ልጅ ሳይቀር። አስቀምጬ ነው የነገርኩት። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ትሰሚ ነበር።»

«አዎ።»

«ሞኝ ሆኜ እንድቀር ተውሽኝ።»

እፀገነት እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ኒሞ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ልግባ፣ ልውጣ ትላለች።

«ኒሞ፣ ነይ ወዲህ» አሉ እማማ የኔነሽ። የማሩን ዕቃ ፕላስተር በቢላ ተረተሩት። «ቤታችሁ ቂጣ አለ?»

«አለ፣ እማማ።»

«ይኼን ውሰጂና ብሉበት። ዕቃውን አጥበሽ መልሺ።» ከዚያ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ፤ ፊታቸው አልተፈታም። «ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። መነጽሬን አትፈልጊ፣ ጊዜ የለም። ጻፊ።»

እፀገነት ከደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ ተቀመጠች።

«ለባለ ውሻው» አሉ።

«ስሙ እዚህ አለ እኮ፣ ፈርሟል።»

«ስሙን ካነሳሁለት ያከበርኩት ይመስለዋል። ጻፊ። ግቢህን ውሃ ያርከፈከፍኩት አቧራው እንዲተኛ ነው፤ እጣቢ አልደፋሁም። ሐብሐብ የዘረጋሁልህ የራበህ መስሎኝ አይደለም። ሰው መስለኸኝ ነው።»

«በአማርኛ አያነበውም፣ እማማ።»

«ይልፋ። እናንተስ ለፍታችሁ አይደል ያነበባችሁት? እሱም ስልኩን ይደግን። ጻፍሽ? ሰፈራችሁ ንጹሕ ነው። ሰው ካልረገጠው ምን ያቆሽሸዋል? እኔ የመጣሁበት ግቢ ስምንት ቤት አለ፤ አንዱ ቢያስል ሰባቱ ይሰማል። የእናንተን ሕንፃ አርባ ቀን ኖሬበት የአንድ ሰው ሳል አልሰማሁም። እግዜር ይማራችሁ።»

በር ላይ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ዝናሽ «እማዬ፣ ረፈደ» እያለች ገባች፤ የተከፈተውን ማርና ወረቀቱን አይታ ቆመች።

«ትጠብቂያለሽ» አሏት እማማ የኔነሽ። ወደ እፀገነት ዞሩ። «ጻፊ፣ የመጨረሻ ነው። ከመዝጊያ ኋላ ቆመው ላዩኝ ሁሉ ንገርልኝ። አንድም ሰው አልወረደም በልልኝ።»

እፀገነት ጻፈችው። አንድም ሰው አልወረደም። እስክሪብቶዋን ግን አላነሳችም። አያቷ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ሻንጣው ያያሉ፤ ዚፑ ይፈነዳ ይሆን ብለው ሰግተው በእጃቸው ሊጫኑት ተነሡ። ያለ መነጽር ደግሞ ፊደል አይለዩም።

ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች። ከመዝጊያ ኋላ ከቆሙት አንዷ እኔ ነኝ፤ የማን ናት ያልከኝ ሴትዮ አያቴ ናት። እፀገነት።

እማማ የኔነሽ ተመልሰው ከምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «እስቲ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። እንደ በፊቱ የራስሽን እንዳትጨምሪ።»

«ጨምሬያለሁ» አለች እፀገነት።

ከላይ ጀምራ አነበበች። ታች ስትደርስ የራሷንም መስመር አነበበችው።