ያለፍኩት ቃሬዛ

እኔ መንፈስ፣ ጋኔን፣ ጥላ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ነኝ፣ ሾፌር ነኝ፣ መኪና ሲቆም ኮፈን እከፍታለሁ እንጂ ጸበል አልረጭም፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ባታምኑ አልቀየማችሁም፣ እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር።

ከብልባላ ላሊበላ የምሠራባት ሚኒባስ አሮጌ የቤንዚን መኪና ናት፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ሞቃ ከጠፋች ግን ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ይግልና እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ቢለምኗትም አትሰማም። መካኒኩ «ኮይሉን ቀይረው» ካለኝ ቆይቷል፣ እኔ ግን እርጥብ ጨርቅ እየጠመጠምኩበት ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ፣ ዘዴዬ ሞተር አለማጥፋት፣ ዳገት ላይ አለመቆም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ባዶዬን ስመለስ ዳገቱ ላይ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ላይ ደረስኩ። እኛ አገር ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም፣ ባለመኪናማ ጭራሽ! «ኧረ በማርያም ቁምልን ወንድሜ፣ ምጥ ጠንቶባታል!» አለ ከፊት የተሸከመው። እኔ በእጄ ወደ ሞተሩ እያሳየሁ «ከቆምኩ አይነሳም!» ብዬ አለፍኳቸው። ለእናንተ ምን እዋሻለሁ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ፍሬን ይዤ መቆም እችል ነበር፣ ፈራሁ፣ ሰነፍኩም፣ በመስታወት እንኳ መለስ ብዬ አላየኋቸውም።

በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋ። አሁንም ብቻዬን ነኝ፣ ኮይሉ እጅ አያስነካም፣ ጨርቅ አርሼ ጠመጠምኩበትና ገብቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ የብዙ ሰው ኮቴ፣ እኩል የሚረግጥ፣ ሸክም የከበደው ሰው ትንፋሽም አለበት። በመስታወት ባይ መንገዱ ባዶ ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ኮቴው መኪናዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ከስር ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራ ሲጥ አለና መኪናዋ ከኋላ ዝቅ አለች፣ እመኑኝ፣ ሰው ሲጫን ዝቅ እንደምትለው። ዞሬ ልይ ብል አንገቴ እምቢ አለኝ። እጄ ዝም ብሎ ቁልፉን አዞረ፣ ያ የጋለ ሞተር በአንዴ ተነሳ።

መናኸሪያውን ትቼ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር እንዳይነቀንቃት ብዬ ቀስ እል ነበር፣ ማንን እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ በመስኮት ወደ ኋላ አየት አድርገው «ማርያም ትቅረብሽ ልጄ» አሉና ወደኔ ዞሩ፣ «አንተ ምን ትጎለታለህ? አልጋ እስካመጣ በሩን ክፈትላት እንጂ!»

ከፈትኩ፣ ማንም የለም። አልጋውን እየገፉ የመጡት ሽማግሌ ባዶውን ወንበር አይተው ቀጥ አሉ። «አባባ፣ ማንን ነው ያዩት?» አልኳቸው። አማተቡና ባዶውን አልጋ እየገፉ ተመለሱ።

ኮይሉን በማግስቱ ቀየርኩ። የብልባላው መንገድ ግን እንጀራዬ ነው፣ ያን ከፊት የተሸከመውን ሰውዬ ገበያ ላይ ሁለት ጊዜ አይቼው ሁለት ጊዜ ተደብቄያለሁ፣ ሴትዮዋ ሞታለች እንዳይለኝ።

ባለፈው ገበያ ግን እሱ ቀድሞ አየኝ። መስኮቴ ጋ መጥቶ ጭንቅላቴን ይዞ ሳመኝ። «ወንድሜ፣ ያን ቀን አንተ ባትጭንልን እናትም ልጅም አልቀውብን ነበር፣ እግዜር ይስጥልን!» አለኝ።

«አሜን» አልኩት፣ ምን ልበል? እኔ እኮ አልቆምኩም።