በእጁ የፈታው ዳዶ

ጋራዡ ውስጥ ከቆመው አውቶብስ ሥር ሁለት እግር ብቻ ነው የሚታየው። ግራሶ የጠገበ ቦት ጫማ ያደረገ። ፌርሚን ጎንበስ ብሎ፣

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ኤሌክትሪሺያኑን ፈልጌ ነበር» አለ።

«እዚሁ ነው።»

ድምፁ የሴት! ፌርሚን ግራ ገባው።

«እ… እስቲ ጥሪልኝ?»

«ጠርተኸዋል እኮ፤ እየወጣ ነው።»

ወጣች። አፍንጫዋ ላይ ጥቁር ዘይት፣ ፀጉሯ በሽቦ የታሰረ። በእውነተኛ የኤሌክትሪክ ሽቦ! ፌርሚን በሃያ ሦስት ዓመቱ እንደዛ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። በቃ፣ እዛው አለቀለት።

ማይቴን ትባላለች። ጋራዡ የአባቷ የዶን ኤቫሪስቶ ነው። ሪዮ ማዮ በምትባለው ትንሽ ከተማ ውስጥ ከሱ ሌላ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚነካ የለም፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ነፋስ ብቻ ነው።

«ምን ሆና ነው አሮጊቷ?» አለች ፌርሚን ያመጣትን ቤት መኪና እያየች። የአጎቱ ነበረች። ውስጧ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ ያላት፣ ከፌርሚን በሃያ ዓመት የምትበልጥ።

«የኋላው፣ የቤቱ ባትሪ ቻርጅ አያደርግም። ቀኑን ሙሉ እነዳለሁ፣ ማታ መብራቱ ጭል ጭል ይልና ይሞታል። ከሮሳሪዮ ከተማ እስከዚህ በሻማ ነው የመጣሁት። ባትሪውንም በአዲስ ቀየሩልኝ፣ ያው ነው።»

«የሚያጎርስህ ከሌለ ሆድህን ቢቀይሩልህ ትጠግባለህ?»

የባትሪ መለኪያ ቴስተሯን አወጣች። ሞተሩ ጠፍቶ የኋላው ባትሪ አስራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ቮልት። «አስነሳ!» አለችው። አስነሳ። የፊተኛው ባትሪ አስራ አራት ሆነ፣ የኋላው ንቅንቅ የለም።

«አየህ ቀጮ? ዲናሞህ ጤነኛ ነው። የፊተኛው እየበላ ነው፣ የኋላው ጾሙን ነው። መሀል ላይ ሁለቱን የሚያገናኘው ሪሌ ሞቷል።»

ሪሌውን ከመንካቷ በፊት ማሳውን ፈታች። ማሳ ማለት ከባትሪው ተነስቶ በመኪናው ብረት ላይ የሚታሰረው ሽቦ ነው። ሪሌውን ቀየረች፣ ማሳውን መልሳ አሰረች፣ ለካች። አስራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ!

ዶን ኤቫሪስቶ በር ላይ ቆሞ ማቴውን፣ የአገሩን የቅጠል ሻይ፣ እየጠጣ ነበር። ብቻዋን እንድትሠራ የፈቀደላት ገና በዚህ ወር ነው። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ «ኤቫሪስቶና ወንድ ልጁ» ይላል። ወንድ ልጁ ግን ለሥራ ወደ ነዳጅ ጉድጓዶቹ ከሄደ አራት ዓመቱ። በነሱ ቋንቋ ወንድ ልጅን ሴት ልጅ የምታደርገው አንዲት ፊደል ናት።

«ይሄ ወር እስኪያልቅ የሠራሽው መኪና ተበላሽቶ ካልተመለሰ፣ ሰሌዳ ቀቢውን እጠራና ፊደሏን አስቀይራለሁ» ብሏታል አባቷ። ይሄን ለፌርሚን የነገረችው እራሷ ናት፣ እየሳቀች። ሳቋ ውስጥ ግን ልመና ነበረ። እሱም ሰምቷል። ይሄን ያዙልኝ፣ ሰምቷል!

ፌርሚንን ሎስ አንቲጉዎስ በሚባል ቦታ ቼሪ ለቀማ ይጠብቀዋል። ተነሳ። አርባ ኪሎሜትር ነዳና ቆመ። ተመልሼ ምን እላለሁ? ረስቼው የሄድኩት ነገር አለ ልበል? አያምርም። ባትሪው ከሥሩ ያለበትን አልጋ አነሳ፣ ማሳውን አየ፣ የሚያስረውን ዳዶ ሁለት ዙር ፈታው። ሁለት ዙር ብቻ።

«አሁንም ቻርጅ አያደርግም» አላት ሲመለስ።

ማይቴን ፊቷ ተለዋወጠ። ገብታ አየች።

«ማሳው ላልቷል… አጥብቄው ነበር እኮ! አጥብቄው አልነበር እንዴ?»

«ያጋጥማል፤ መንገዱ ነው፣ ያንገጫግጫል።»

አጠበቀችው። ከዛ ደጅ ላይ ተቀምጠው ማቴ ጠጡ። የከተማ ልጅ ነፋስ አያውቅም እያለች ቀለደችበት፤ እሱ ደግሞ ኮፍያውን ነፋሱ ሁለቴ ነጥቆት እየሮጠ አመጣው። ሳቀች። እንዲህ ስትስቅለት ዓለም ሁሉ የሱ መሰለው። ዶን ኤቫሪስቶ ከውስጥ ሆኖ እንደሚያያቸው ግን አላየም።

በሁለተኛው ቀን ትንሽ ነድቶ ቆመና ዳዶውን ደግሞ ፈታው። የመጨረሻዬ ነው፣ ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ።

ሲደርስ ግን ማይቴን ብቻዋን አልነበረችም። ባለ አውቶብሱ ሩፊኖ አለ። አባቷም ቴስተሩን ከእጇ ወሰደ።

«ተዪው። እኔ አየዋለሁ።»

አልጋውን አነሳ። ዳዶውን በጣቱ ነካው፣ ዞረለት።

«አንዲት ዳዶ!» አለ። «አንዲት ዳዶ ማጥበቅ ያቃተው እጅ!»

«ኧረ ዶን ኤቫሪስቶ፣ እኔ ሦስቱንም አውቶብሶቼን እንድትሠራልኝ ለሷ ልሰጥ አልነበር? ተርፌያለሁ!» አለ ሩፊኖ።

«ቀቢው እንዳይመጣ እነግረዋለሁ» አለ አባቷ።

ማይቴን አላለቀሰችም። እጆቿን ብቻ አየቻቸው። ፌርሚን አፉን ከፈተ… ዘጋው። ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ።

በነጋታው ጠዋት ጎማ ላይ ተቀምጣ አገኛት። አንድ አሮጌ ብሎን ይዛ ዳዶውን ታጠብቃለች፣ ትፈታለች፣ ደግማ ታጠብቃለች።

«ማይቴን… የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ማሳውን። ሁለቱንም ጊዜ። በእጄ።»

ብሎኑ ከእጇ ወደቀ።

«ለምን?»

«አንቺን ለማየት።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዛ ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ እንባዋ መጣ።

«አፍ የለህም? ‹ማይቴን ናፈቅሽኝ› ይባላል! ሦስት ቃል እንኳን አይሞላም!»

«ፈራሁ።»

«እኔስ? ተመልሰህ ስትመጣ የደንበኛዬ መኪና ተበላሸ ብዬ ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ። ፀጉሬን ሁሉ ታጠብኩ፣ ምናልባት ከመጣ ብዬ! ከዛ ደግሞ እጄን መጠርጠር ጀመርኩ። እጄን፣ ፌርሚን! ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

«ይቅርታ…»

«ትናንት አባቴ ሲሰድበኝ አጠገቤ ቆመህ ነበር። የፈለግኩት አንድ ነገር እንድትል ብቻ ነበር…»

«እወድሻለሁ።»

«እሱን አይደለም! ‹እኔ ነኝ› የሚለውን!»

ፌርሚን ወደ ጋራዡ ገባና ለዶን ኤቫሪስቶ ሁሉንም ነገረው። ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። ፌርሚን ይመታኛል ብሎ ጠበቀ፤ ሽማግሌው ግን አልፎት ወደ ልጁ ሄደ።

«ልጄ፣ ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። ለሩፊኖ አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ። ቀቢውም ቅዳሜ ይመጣል።» ከዛ ዞሮ፣ «አንተ ግን ከደጄ…»

«ቆይ አባ። መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ።»

ቤት መኪናዋ ውስጥ ገብታ የማሳውን ዳዶ አጠበቀች። ከዛ በቀጭን ብሩሽ ዳዶውንና ብሎኑን የሚያቋርጥ ቀይ የቀለም መስመር አሰመረች።

«ይሄ መስመር ከተሰበረ ሰው ነክቶታል ማለት ነው» አለች ሳታየው።

«ለቀማው ሲያልቅ… ልመለስ?»

ብሩሹን በጨርቅ ጠረገች።

«በእውነት ከተበላሸብህ ና። እሠራልሃለሁ። ካልተበላሸ ግን አትምጣ።»

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ፌርሚን ቼሪ ለቀመ፣ በግ ሸለተ፣ አሮጊቷን እስከ ባሕሩ ጫፍ ድረስ ነዳት። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ያስነሳና የገዛውን ቴስተር ባትሪው ላይ ያደርጋል። ዛሬስ ምናለ አንዴ ብትበላሺልኝ እያለ ይለምናታል። አስራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ሁሌም አስራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ!

መፍቻው አጠገቡ ነው። ሁለት ዙር ብቻ ነው የሚፈልገው። ግን አይነካውም። አልጋውን ዝቅ ያደርግና ይነዳል።