የብርቱካን ጾም

አይጧ እባቡ ጀርባ ላይ ወጥታ በሁለት እጆቿ ፊቷን ታጸዳ ጀመር። እባቡ ብርቱካን ግን ዞር ብሎም አላያት።

«አየሻት?» አለ ሁንዴ። «ትንሽ ከቆየች መስታወት ትጠይቀዋለች።»

በድሪያ ልትስቅ ፈልጋ ሳቋ አልመጣ አላት። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ ቆይተዋል። በባዮሎጂ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ የስምንተኛ ክፍል ልጆችና ፊቱ መስታወት የሆነ ረጅም የእንጨት ሳጥን ብቻ ነበሩ። ሳጥኑ መሀሉ ላይ በሽቦ ወንፊት ተከፍሏል። በግራ በኩል ብርቱካን፣ በቀኝ በኩል ሎሚ ይኖራሉ።

የበቆሎ እባቦች ይባላሉ። ሆዳቸው እንደ በቆሎ ጥሬ የተዥጎረጎረ ነው፤ መርዝ የላቸውም። መምህር ወዬሳ ከምሥራቅ ጀርመን ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ በጨርቅ ከረጢት ይዘዋቸው መጡ። ስም ያወጣላቸው የባዮሎጂ ክበብ ነው። ብርቱካን ወንድ መሆኑ የታወቀው ስሙ በስብሰባ ከጸደቀ በኋላ ነበር። ስሙን ለመለወጥ ሲባል ሌላ ስብሰባ መቀመጥ የፈለገ ስላልነበረ እንደዚያው ቀረ።

አሁን መምህር ወዬሳ የሉም። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዝዋይ ከሄዱ አንድ ወር ሊሞላቸው ነው፤ የሚመለሱት በመጋቢት መጨረሻ ነው። ሲሄዱ ሁለቱንም እባቦች መዝነው፣ ለበድሪያና ለሁንዴ አደራ ብለው፣ አንድ ሰማያዊ ደብተር ትተውላቸዋል። ሰኞ ሰኞ አንድ አንድ አይጥ ይሰጣል፤ መብላት አለመብላታቸው ደብተሩ ላይ ይጻፋል። ያለፉት ሦስት ሳምንታት የሁንዴ ተራ ነበሩ። ደብተሩ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ሦስት ጊዜ «ብርቱካን፦ በላ» ይላል።

በድሪያ ደብተሩን አየች፤ ከዚያ እባቡን አየች። «ባለፈው ሰኞ በልቶ ከነበረ ዛሬ ምን ነካው?»

ሁንዴ አይጧን በጅራቷ አንስቶ ወደ ጣሳው መለሳት። ክዳኑን ሲገጥም ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ።

«አልበላም» አለ በመጨረሻ።

«ባለፈው ሰኞ?»

«ሦስቱንም ሳምንት። አይጦቹን ለሎሚ ሰጠኋት።»

በድሪያ አፍጥጣ አየችው።

«አቦ እንዲህ አትዪኝ። ጓድ የሺዓለም ያሉትን ሰምተሻል።»

ሰምታለች። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ የሺዓለም የእባብ ስም ሲነሳ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። እባቦቹ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲቆዩ የፈቀዱት መምህር ወዬሳ አጥብቀው ስለለመኗቸው ነው። ፈቃዱም ገደብ ነበረው፤ አንዱ የታመመ እንደሆነ በሽታው ወደ ልጆች ሳይጋባ ለዘበኛው ለአቶ አምባዬ ይሰጣል። አቶ አምባዬ ደግሞ እባብ ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ የማያውቅ ተማሪ የለም። ዳይሬክተሯ ደብተሩን ዓርብ ዓርብ ያዩታል።

«አንቺም በላ ብለሽ ጻፊ» አለ ሁንዴ። «ጾም ይዞ ይሆናል። ሲፈታ ይበላል።»

«ከሞተስ? መምህር ወዬሳ ሲመጡ ደብተሩ ‹እየበላ ሞተ› ይበላቸው?»

በድሪያ እስክሪብቶውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«እስከ ዓርብ አራት ቀን አለን» አለች። «መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ።»

የበድሪያ አባት አቶ ጂብሪል የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። በዚያን ዕለት ከወለንጪቲ ፍየልና ሽንኩርት ጭነው ተመልሰው በረንዳው ላይ እግራቸውን ሲታጠቡ በድሪያ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ጤነኛ እንስሳ ዝም ብሎ መብላት ይተዋል?»

«ምን ዓይነት እንስሳ?»

«የትምህርት ቤት።»

አባቷ ፈገግ አሉ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«ይንቀዠቀዣል?»

በድሪያ አሰበች። ብርቱካን ድሮ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩ ሥር ተጠምጥሞ ነበር የሚውለው። ሰሞኑን ግን አንድ ቦታ አይረጋም። «አዎ፣ ዕረፍት የለውም።»

«ወለንጪቲ አንድ የከረዩ ሽማግሌ አውቃለሁ» አሉ አባቷ እግራቸውን እያደረቁ። «ግዙፍ ወንድ ግመል አላቸው። አንድ ጊዜ ሳየው ጎኑ ገብቷል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ቅጠሉ ፊቱ ተከምሮ አይነካውም። ‹አባ፣ ይሄ ግመል ሊሞትብዎት ነው› አልኳቸው። ሳቁብኝ። ‹ሆዱን አይደለም ያመመው። እንስቶቹን አየና ምግቡን ረሳ። ወቅቱ ሲያልፍ እጥፍ አድርጎ ይበላል› አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ፍየሉም፣ በጉም እንደዚያው ነው። እኔም ብሆን እናትሽን ላገባ ሰሞን ምግብ የሚባል አልቀመስኩም።»

«ውሸቱን ነው» አሉ እናቷ ከውስጥ። «የቀረበለትን ጨርሶ ነው የእህቱን ሳህን የተሻማው።»

በድሪያ ማታውን ሙሉ ስታስታውሰው ብቻዋን ሳቀች።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ሁለቱ ልጆች ሳጥኑ ፊት ተቀመጡ። ብርቱካን በሽቦው ጥግ ጥግ እየተሳበ ምላሱን ብቅ ጥልቅ ያደርግ ነበር። ሎሚ በወዲያኛው በኩል ወደ ላይ ስትወጣ እሱም ወደ ላይ ይወጣል። ስትወርድ ይወርዳል። እሷ ተጠምጥማ ስትተኛ አፍንጫውን ሽቦው ላይ አሳርፎ ይጠብቃታል።

«አራዳ ነው ለካ» አለ ሁንዴ። «እኛ ሐኪም ልንጠራለት ስንጨነቅ እሱ የፈለገው ሽማግሌ ነው።»

በዚህ ጊዜ በድሪያ ከልቧ ሳቀች። ቢሆንም ግምት ግምት ነው። ብርቱካንን በከረጢት አድርገው የባዮሎጂ ክፍሉ ሚዛን ላይ አስቀመጡት። መምህር ወዬሳ ሲሄዱ አራት መቶ ሃያ ግራም ነበር። አሁን አራት መቶ አንድ ሆኗል።

«እሺ፣ እንዲህ እናድርግ» አለ ሁንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የበፊቶቹን ሦስት እንዳሉ እንተዋቸው። አንቺ ከዚህ ሳምንት ጀምረሽ አልበላም ብለሽ ጻፊ። ማን ያውቃል?»

በድሪያ ሐሳቡን አልጠላችውም። ሁንዴ አይቀጣም፤ እሷም ውሸት አልጻፈችም ማለት ነው። ከዚያ ግን ቁጥሮቹን ደግማ አየቻቸው።

«ሦስት አይጥ በልቶ ክብደቱ የቀነሰ እባብ በሽተኛ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሳይበላ ቆይቶ ይህችን ብቻ የቀነሰ ግን ጤነኛ ነው። ሁንዴ፣ አምባዬ ጋ የሚያደርሰው አለመብላቱ አይደለም። ያንተ ‹በላ› ነው።»

ሁንዴ መስኮቱን አየ፣ ጫማውን አየ።

«እኔ አልሰርዘውም» አለች በድሪያ። «ጽሕፈቱ ያንተ ነው። ግን እኔን ከጠየቁኝ በልቷል አልልም።»

የዕረፍቱ ማብቂያ ደወል ተደወለ። ሁንዴ ከመቀመጫው አልተነሳም። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ ሦስቱን «በላ» አንድ በአንድ ሰረዘ፤ ከጎናቸው «አልበላም» ብሎ ጻፈና ፈረመባቸው። ዓርብን አልጠበቁም። ትምህርት እንዳበቃ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሄዱ።

ወይዘሮ የሺዓለም ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋሽታችሁኛል።»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ዳይሬክተር» አለ ሁንዴ። «እሷ አላወቀችም።»

«እና አሁን አልታመመም ስትሉኝ ለምንድን ነው የማምናችሁ?»

ሁንዴ ወደ በድሪያ ዞረ።

«እኛን አይመኑን» አለች። «መጥተው ይዩት።»

ዳይሬክተሯ ባዮሎጂ ክፍሉ በር ላይ መቃኑን ይዘው ቆሙ። በድሪያ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ግመሉ፣ ስለ ሽቦው ስታስረዳ ዓይናቸውን ከሳጥኑ አልነቀሉም። ሎሚ ወደ ላይ ወጣች፤ ብርቱካን ተከተላት። ወረደች፤ ወረደ። ወይዘሮ የሺዓለም ሳይታወቃቸው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ሌላ። ከሳጥኑ ፊት ለፊት ብዙ ደቂቃ ቆሙ።

«አምባዬን ጥሩልኝ» አሉ።

ሁንዴ ሄዶ አቶ አምባዬን ጠራቸው፤ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ዱላውን ውጭ ያስቀምጡና ፒንሳ ያምጡ» አሉ ዳይሬክተሯ። «ይህን ሽቦ ያነሱላቸዋል።» ከዚያ ወደ ሁንዴ ዞሩ። «አንተ ደግሞ እስከ ፋሲካ የሰልፍ ሜዳውን በየጠዋቱ ትጠርጋለህ።»

ሁንዴ ጠረገ። መጥረጊያውን ይዞ እያፏጨ ሲጠርግ ላየው የተቀጣ አይመስልም ነበር። ወንፊቱ በተነሳ ማግስት ሁለቱ እባቦች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ተገኙ፤ የክበቡ ልጆች ተንጫጩ፤ አንዷም እልል አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብርቱካን ሁለት አይጥ በተከታታይ ዋጠ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሎሚ መብላት ተወች። ሆዷ ሞላ ሞላ ብሏል። በዚህ ጊዜ ማንም አልደነገጠም። ሁንዴ «ሎሚ፦ አልበላችም» ብሎ በትልልቅ ፊደል ጻፈ፤ ከእንጨት ሥራ ክፍል ሰጋቱራ ለምኖ አርጥቦ በጣሳ አስቀመጠላት።

መምህር ወዬሳ በዝዋይ ፀሐይ ጠቁረው፣ «አካም ጅርቱ!» እያሉ በሩን ከፍተው ሲገቡ ክበቡ በሙሉ ዙሪያቸውን ከበባቸው። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት። የተሰረዙት መስመሮች ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ሁንዴን አዩት፤ ሁንዴም ዓይኑን አላሸሸም። መምህሩ ገጹን ገለበጡ።

ከአምስት ቀን በኋላ ሎሚ ጣሳው ውስጥ እንቁላሎቿን ጣለች። ሙሉ ክፍሉ ሊያይ ተጋፋ። መምህር ወዬሳ እንዳይገለበጡ እየተጠነቀቁ ወደ ሌላ ጣሳ አዛወሯቸውና ቴርሞሜትር ሰኩበት።

«እስኪፈለፈሉ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል» አሉ። «በየቀኑ ሙቀቱን አይቶ የሚጽፍ አንድ ሰው ያስፈልገኛል። አንድ ሰው ብቻ። በድሪያ፣ አንቺ ምረጪ።»

አዲሱን ደብተር ሰጧት። በድሪያ ሥራውን ራሷ ብትይዘው ደስ ይላት ነበር፤ ሌሊት ሳይቀር ያለመችው ነገር ነው። ደብተሩን ትንሽ ያዝ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ለሁንዴ አቀበለችው።

ሁንዴ ቀና ብሎ አያት፤ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። ጣሳው ላይ ጎንበስ ብሎ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ሦስቱ ነጭ ናቸው። አሥራ አራተኛው ቢጫ ሆኖ ጎኑ ሰርጎድ ብሏል፤ የሚፈለፈል አይመስልም።

«ይሄኛውን ምን ልበለው?» አለ።

በድሪያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ደብተሩ ያለው አንተ ጋ ነው» አለችው፤ ሁንዴ መጻፍ ሲጀምር እሷ ወደ በሩ አመራች።