የእህቴ ደም ዝም አላለም

ማመን አለማመን የእናንተ ነው፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጨለማ እንዳትጠብቁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ በላቦራቶሪው መስኮት ገብታ ጠረጴዛውን አግላዋለች።

ደም መርማሪ ነኝ። ታላቅ እህቴ የሞተችው እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከእኔ ክፍል በላይ ባለው የሕሙማን ክፍል ነው።

የገደላት ደግሞ አለቃዬ ነው... ዶክተሩ።

በደማችን ውስጥ ሳይቶካይን የሚባል ነገር እየረጩ «ጠላት መጣ!» የሚሉ ሴሎች አሉ። «በቃ፣ ተረጋጉ» የሚሏቸው ደግሞ ሌሎች ናቸው። ዶክተሩ ያልተፈቀደ መድኃኒት ሰጥቶ የእህቴን አረጋጊዎች ዝም አሰኛቸው። ሃይ ባይ ያጡት ሴሎች በራሷ ላይ ተነሱባት። ሳንባዋ፣ ከዚያ ኩላሊቷ... አለቀች።

«ሰውነቷ ነው የከዳት» ብሎን አረፈ። ደሜ ፈላ። ግን ምን አቅም አለኝ? ቂሜን ቋጥሬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ያን ቀን ዶክተሩ ሳትሞት ከእሷ ተቀድተው በማቀዝቀዣ የተረፉትን ሴሎች ልመርምር አለ። ለማወዳደሪያ የጤነኛ ደም ሲያስፈልግ እኛው ሠራተኞቹ በተራ እጅጌያችንን እንሰበስባለን፤ የቤቱ ልማድ ነው። ተራው የእሱ ነበር። ቀዳሁት።

የእሷን ሴሎች ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የመመርመሪያ ሳህን አንድ ጥግ፣ የእሱን በሌላው ጥግ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ማቅለሚያ ጨመርኩ። ሳይቶካይን ካለ ሰማያዊ ይሆናል።

የእሷ ሰማያዊ ሆነ። የጠበቅነው ነው።

ከዚያ... የእሱም።

በመሃል ያሉት ባዶ ጉድጓዶች ግን ጥርት እንዳሉ ናቸው፤ ከእሷ ወደ እሱ የፈሰሰ የለም።

«ቀላቀልሽው እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልነካሁትም።»

ላቡን ጠረገ። ግንባሩ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

ሌላ አልጋ ጠፍቶ እሷ የሞተችበት ክፍል አስተኙት። ደም ልቀዳ ስገባ እጄን ጭምቅ አደረገኝ።

«በቃ በያት...»

«ማንን?»

«እህትሽን። አንቺን ትሰማሻለች።»

«በቃ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«አረጋጊዎቿን ዝም ያሰኙት እርስዎ አይደሉ?» አልኩት። ምን ልደብቃችሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደሙን መስታወት ላይ ቀባሁ፣ አደረቅኩ፣ አቀለምኩና በማይክሮስኮፕ አየሁት።

የሴት ነጭ የደም ሴል ላይ አልፎ አልፎ ትንሽዬ ጉብታ ትታያለች። ወንድ ላይ የለችም።

የእሱ ሴሎች... ሁሉም ላይ አለች።

ዓይኔን ሳልነቅል እህቴን «በርቺ» አልኳት።

የደረቀ ሴል አይንቀሳቀስም። እነዚያ ግን ከመስታወቱ ዳር ዳር እየተንፏቀቁ መጡና... ልክ ከዓይኔ ሥር ተሰበሰቡ።